መርዶ ይዤ ወደ ጨው ባሕር

ሰው በጣም ሲፈራ ይጮኻል ወይ ይሮጣል ብዬ ነበር የማስብ። ፈርቶ እየሳቀ መኪና መንዳት እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። እኔ አንድ ቀን እንደዚያ ነድቻለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ደግሞ እናቴ ነበረች። ያን ቀን ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ በሚባል ሰፈር፣ እኔና እማዬ ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። ማሪና፣ የጀልባ ማቆሚያው አጠገብ፣ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ምላሴ ረጅም ነው፣ ፊቴ ግን ምስጢር አይችልም። ደስ ሲለኝም ሲከፋኝም ከሩቅ ይነበባል፤ እማዬ ደግሞ ማንበብ የማታውቅ ብትሆንም ፊቴን ታነበዋለች።

አንድ ብርዳማ የክረምት ጠዋት አባ ፈንቴ በፔሌፎን፣ በእጅ ስልኬ፣ ደወሉልኝ። አባ ፈንቴ የሟቹ አባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የቤተሰቡ ሠርግም ሐዘንም በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፍ። «ከደረጃው ሥር ነኝ። እናትሽ እንዳትጠረጥር ቆሻሻ የምትጥይ መስለሽ ውረጅ» አሉኝ። ቆሻሻውን ይዤ ወረድኩ።

«አድማሱ አረፈ» አሉኝ።

ከረጢቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አድማሱ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሷ «አያዬ» ነው የምትለው። እኛ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ እሱ ጎንደር ቀርቶ፣ ከዚያ ወዲህ ዛሬ ነገ እየተባለ ሲጠብቅ ኖረ። በመጨረሻ ፈቃዱ ወጥቶለት ለፋሲካ ይገባል ተብሎ፣ እማዬ አልጋውን አንጥፋ ትራሱን ሳይቀር አዘጋጅታለታለች።

አሁን የእማዬን ልብ ማወቅ አለባችሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ አንድ ችኩል ዘመድ ከሆስፒታል ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» አላት። ብቻዋን ነበረች። እኔ ስደርስ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቃለች፤ ልቧን በመከራ ነው የመለሱላት። ሐኪሙም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አትችልም ብሎናል። እኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኟን የሚይዝ ሰው ተቀምጦ፣ ውሃ ቀርቦ ነው የሚነገር።

«ወንድሞቿ ከቤርሼባም ከናታኒያም ነገ ንጋት ላይ ይገባሉ» አሉኝ አባ ፈንቴ። «እስከዚያ ከዚህ ሰፈር አርቂያት። ሰፈሩ ሰምቷል፤ አንዷ ሴትዮ እያለቀሰች ብትመጣ አለቀልን።»

«የት ልውሰዳት?»

«ጉልበቴን ያመኛል፣ ጨው ባሕር ውሰዱኝ እያለች ስትለምን አልነበረም? መኪናዬን ያዢ።»

«አባ ፈንቴ፣ በክረምት? አሁን ጨው ባሕር ማን ይሄዳል?»

«ማንም አይሄድም። እኛም የምንፈልግ ማንም የሌለበትን ነው» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «ራዲዮ እንዳትከፍቺ፤ አማርኛው ራዲዮ የሐዘን መልእክት ያነባል። የሷን ስልክ ደብቂ፣ ያንቺንም ዝጊው። ብቻዋን ከሰማች ሁለት መርዶ ነው የምናረዳ፣ ዝናሽ።»

«ፊቴስ?»

«ፊትሽን ወደ መንገዱ አድርጊ።»

እማዬ ስትሰማ እንደ ልጅ ዘለለች። «እሰይ! ዛሬስ ፀሐይ ከየት ወጣች?» እያለች ነጠላዋን ለበሰች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ የሻይ ፔርሙሷን ሞላች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ስልኳን ትራስ ሥር ሸጉጬ የኔንም ዘግቼ፣ እየሳቅሁ ወጣሁ።

በቤርሼባ አድርገን በአራድ በኩል ነው የወረድን። አሽዶድን ስንለቅ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እማዬ አፏ ሥራ አልፈታም፤ ያወራችው ደግሞ ሁሉ ስለ አያዬ ነው። «ሲመጣ እዚህ አመጣዋለሁ። እሱም ወገቡን ያመዋል። ዝኔ፣ ይኼን በረሃ ሲያይ ምን የሚል ይመስልሻል?» ትለኛለች። «እንጃ» እላለሁ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል። አንድ ጊዜ ደረቷን ስታሻሽ አየሁና ልቤ ቀጥ አለ። ለካ የነጠላዋን ጫፍ ነው የምታስተካክል።

«አማርኛው ራዲዮ ሰዓቱ ደርሷል፤ ክፈችው እስቲ» አለች።

«ተበላሽቷል።»

«አባ ፈንቴ ትናንት ሲሰሙ አልነበር?» ብላ ቁልፉን ተጫነችው። ራዲዮው እንደ ጉድ ጮኸ! በዕብራይስጥ አንድ ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ ደቡብ መንገዶች አንድ ነገር ማለት ጀመረ። እኔ የምሰማው ቃሉን አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው አማርኛ ነው የሚታየኝ። ተወርውሬ ዘጋሁት። መኪናዋ መሥመር ስታ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

«ምነው ልጄ! ምን ነካሽ?»

«ራሴን አሞኛል፣ እማዬ። ጸጥታ ልስማ።»

ያ ሰውየ ሲናገር የነበረው ስለ ደራሽ ውሃ ነበር። በየሰዓቱ ሲደግሙት ነው የዋሉ፤ ወደ ጨው ባሕር እንዳትወርዱ እያሉ። መላው አገር ሰምቷል። እኛ ብቻ መርዶ ፈርተን ጆሯችንን ደፍነን ወረድን።

ባሕሩ ዳር ሰው የለም። ሱቁ ተዘግቷል፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ተደራርበው በሰንሰለት ታስረዋል። ነፋሱ ይጋረፋል። እማዬ ግን ምን ገዷት! ቀሚሷን ሰብስባ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ገባች፤ ጉልበቷን እያሸች «ኧረ ፈውስ ነው!» አለች። እኔ ዳር ቁሜ እጠብቃታለሁ፤ እዚህ ብትወድቅብኝ ማን ይደርስልኛል እያልኩ። ጥቂት ቆይታ ቀና ብላ ከኋላችን ያለውን ተራራ አየችው።

«ዝኔ፣ ያ ተራራ ጠቁሯል። ላዩ ላይ ይዘንባል። እንሂድ።»

«እዚህ አይዘንብም እማዬ። ትንሽ እንቆይ።» ቤት እንዳንገባ ነበር የምፈልግ። በጊዜ ከተመለስን ሰፈሩ አለ። እሷ ሁለት ጊዜ እንሂድ አለች፤ እኔ ሁለት ጊዜ አስቀረኋት።

ስንነሣ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላ ነበር። የአራዱ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ መንገዱ የለም። በቃ የለም! በቦታው ቡናማ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ወደ ባሕሩ ይጋልባል። ድምፁ ከመሬት ሥር ነው የሚመጣ፤ መቀመጫዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በላያችን ጠብታ የለም፣ ሰማዩ ግማሹ ሰማያዊ ነው። መኪናዋን አዙሬ ወደ ሰሜን በረርኩ፤ በኢየሩሳሌም በኩል እንወጣለን ብዬ። ጥቂት እንደሄድን እዚያም ቀጭን ውሃ መንገዱን አቋርጦ አየሁ። የቁርጭምጭሚት ያህል መሰለኝና ገባሁበት።

የመኪናዋ ሞተር መሐል ላይ ጠፋ።

ቁልፉን ባዞር አትነሣም። ውሃው በር ሥር ገባ፣ እግሬን ነካኝ። ከዚያ መኪናዋ ወደ ባሕሩ በኩል ዝቅ ብላ ተንሸራተተች። እማዬ እጄን ጨምድዳ ይዛ «አዶናይ፣ አዶናይ» ትላለች። እኔ የማየው ውሃውን አይደለም፤ አንገቷ ላይ የሚዘለውን ሥሯን ነው። በልቤ «አሁን ነው፣ አሁን ልቧ ይቆማል» እላለሁ።

በሩ ተበረገደ። አንድ ረጅም ሰው ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቁሟል። «ውጡ! ውጡ!» አለ በዕብራይስጥ። ሳሊም ይባላል፤ ከኔጌቭ በረሃ የመጣ ቤዱዊን፣ የበረሃ ዐረብ፣ የጭነት መኪና ነጂ ነው። እማዬን እንደ ጤፍ ጆንያ ጀርባው ላይ አደረጋት። እኔ ቀበቶውን ይዤ ተከተልኩት። ከፍ ያለው አስፋልት ላይ ወጥተን ዞር ስንል፣ የአባ ፈንቴ መኪና በጎኗ ተኝታ ከመንገዱ ወርዳለች።

በዚያ ቁራጭ መንገድ ላይ በፊትም በኋላም ውሃ ዘግቶናል። ያለነው የሳሊም የጭነት መኪናና አንዲት ትንሽ መኪና ነን፤ በትንሿ መኪና ውስጥ ሩሲያውያን ባልና ሚስት ሽማግሌዎች አሉ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ባሕር። ከገደሉ ድንጋይ እየተፈነቀለ ይወድቃል። ውሃው በሁለቱም በኩል አስፋልቱን እየበላ ወደኛ ይቀርባል። ሳሊም ራሱ ቀና ብሎ ገደሉን እያየ ከንፈሩን ይነክሳል።

እማዬን የጭነት መኪናው ደረጃ ላይ አስቀመጥናት። ከጉልበቷ በታች ርሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ግን ድምጿ ረጋ ያለ ነበር።

«ዝኔ፣ ስልክሽን አምጪ።»

«ለምን?»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ውስጡ ለጎንደር የምትደውልበት የስልክ ካርድ አለ፤ ከሱ ተለይታ አታውቅም። «አያዬ ጋ ደውይልኝ። ውሃ ከወሰደን ድምፄን ሳይሰማ አይቅር። ልሰናበተው።»

ከውሃውም፣ ከድንጋዩም ያ ቃል ነው የበለጠ ያስፈራኝ። ያን ሰዓት ጎንደር ያ ቤት በለቅሶኛ ተሞልቷል። ስልኩን ማንም ያንሣው ማን፣ ከኋላው ዋይታው ይሰማል።

«መሥመር የለም እዚህ» አልኳት።

«ክፈችውና እንየው።»

ከፈትኩት። ወዲያው ይንጫጫ ጀመር፤ አባ ፈንቴ ደጋግመው ደውለዋል፤ ስለ ጎርፉ ሰምተው አብደዋል። «ይኼው ይሠራል!» አለች እማዬ። «እናትሽ ስትሞት እንኳ እንቢ ትያለሽ? አንድ ቃል ልበለው ብዬሽ!» አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ለምናኝ አታውቅም። ስልኩን ወደ ጎርፉ ልወርውረው እጄን አነሣሁ፤ ዓይኗን አየሁና መለስኩት። ብደውልላት ይገድላታል። ብከለክላት፣ ከሞትን ወንድሟን እንዳትሰናበት የከለከልኳት እኔ ነኝ። ብነግራትስ? ብቻዋን ናት፤ ማን ይይዛታል?

ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ብቻዋን ለምን ትሆናለች? ሰው አለ እኮ።

«እማዬ፣ ትንሽ ቆዪ» አልኩና ወደ ትንሿ መኪና ሮጥኩ። የሩሲያዊቷ ስም ራያ ነው። «እባክሽ» አልኳት እየተርበተበትኩ፣ «የእናቴ ወንድም ሞቷል፤ አታውቅም። ልቧ ደካማ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ብቻዋን ለሆነች ሴት አይነግሯትም። መጥታችሁ አጠገቧ ቁጭ በሉልኝ።» ራያ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ባሏን በራሽያኛ አንድ ቃል አለችው፤ ኮቱን አውልቆ ወጣ። ሳሊምን ደግሞ «ውሃ አለህ? በግራ በኩል ሁንና ካዘነበለች ያዛት» አልኩት። ጠርሙሱን ይዞ መጣ።

ራያ በቀኟ ተቀመጠች። ሳሊም በግራዋ ተንበረከከ። ሽማግሌው ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና ከኋላዋ ቆመ። እኔ ከፊቷ ቁጢጥ አልኩ።

እማዬ ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች። የውሃውን ጠርሙስ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ፊቴን መደበቂያ መንገድ አልነበረኝም።

«ዝናሽ» አለች፣ ዝኔ አላለችኝም። «ይኼ አቀማመጥ ምንድን ነው?»

እጇን ያዝኩ።

«ማነው?» አለች።

«አያዬ» አልኩ።

ጩኸቷ ከጎርፉ ድምፅ በላይ ወጣ። ወደፊት ተደፋች፤ ሳሊም ትከሻዋን ያዘ፣ ራያ አቀፈቻት። እጇ ደረቷ ላይ ሄደ። ሳሊም ውሃውን አናቷ ላይ አፈሰሰ። እኔ ሁለት እጄን ልቧ ላይ አድርጌ፣ እንዳይቆም በእጄ የማስቀረው ይመስል፣ «እማዬ ተንፍሺ፣ እማዬ ተንፍሺ» እያልኩ እጮሃለሁ። የዚያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፣ ወደፊትም የምፈራ አይመስለኝም። ትንፋሿ ቆመ። ራያ ጀርባዋን በመዳፏ መታች፣ ደገመች። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሳበ፣ እንባዋም መጣ።

ስታለቅስ ዳነች አልኩ። ተነሥታ ቆመች፣ ደረቷን እየመታች ወደ ባሕሩ ዞረች፣ ሙሾ አወረደች፤

«መንገዱ ተዘጋ፣ ውሃ መጣ ብለው፤
ያንተ ነው ወንድሜ፣ ከቶ የማይከፈተው።»

ራያ አንድ ቃል አልገባትም፤ ግን አብራት እጇን እያጨበጨበች አለቀሰች። ለማን እንዳለቀሰች እንጃ። ሁሉም ሰው የሚያለቅስለት አይጠፋውም።

ውሃው እንደመጣ ባንዴ ጎደለ። ሲጨላልም የመንገድ ሠራተኞች ድንጋዩን ጠርገው አወጡን፤ በቅርብ ካለ ኪቡጽ፣ ከጋራ እርሻ መንደር፣ የመጡ ሰዎች ብርድ ልብስ ሰጥተው አሳደሩን። ለአባ ፈንቴ ደውዬ «ደኅና ነን፣ መኪናህ ግን» ስል አቋረጡኝ፤ ደንግጬ አንተ ብያቸዋለሁ። «መኪናው ገደል ይግባ! ሰማች?» አሉ። እማዬ አጠገቤ ነበረች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «አልሰማችም» አልኩ።

ራያና ባሏ ለካ የአሽዶድ ሰዎች ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ እነሱ ወሰዱን። መንገድ ላይ «ለምን እንዲያ አልሽ?» ስል ጠየቅኋት።

«ወንድሞቼ ከየአገሩ ተነሥተው የመጡት ሊነግሩኝ ነው» አለች። «በመንገድ ሰምቼ ጨርሻለሁ ብላቸው፣ እነሱ ያን ሸክም የት ያወርዱታል? እንዳልሰማሁ ሆኜ ነው የምገባ።»

ሮቫ ዩድ ስንደርስ ነግቷል። ቤቱ ሙሉ ነበር። አባ ፈንቴ ግራና ቀኟ ሰው አስቀምጠው፣ ውሃ አስቀርበው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ነገሯት። እማዬ ጮኸች። ማስመሰል እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ፣ እንባዋ ከጨው ባሕሩ እንባ ይልቅ የበዛ ነበር። ወንድሞቿ ያዟት፣ እነሱም በሷ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። በዚያ ሁሉ ትርምስ እጇ የኔን እጅ ፈልጎ አገኘና ጨበጥ አደረገኝ። አባ ፈንቴ እስኪሞቱ ድረስ በደንብ እንደነገሯት ያምኑ ነበር። በደንብም ነግረዋታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጆቻችሁ «ይኼ የመርዶ ሥርዓት ኋላ ቀር ነው፣ በስልክ አይነገርም ወይ?» ይሏችሁ ይሆናል። እኔም እል ነበር። የራዲዮውን ነገር ሳስታውስ አሁንም እናደዳለሁ፤ በመርዶ ፍራቻ ልንሞት ነበርና። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው አስደንጋጭ ነገር ብቻውን ሲሰማ ማየት አልችልም። ካፌም ውስጥ ቢሆን፣ ስልክ ይዞ ፊቱ የተለዋወጠ ሰው ካየሁ ትሪዬን አስቀምጬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሰው ቢቆጣኝም ይቆጣኝ። ዘመድ ከሌለ ያገኛችሁትን ሰው ጥሩ። ይመጣል።

እማዬ ዛሬም አለች። በበጋ ማታ ባሕር ዳር ከራያ ጋር አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ እማዬ በአማርኛ፣ ራያ በራሽያኛ፣ ይግባባሉ። ባለፈው ሰሞን ልጆቼን አስተኝቼ አብሬያቸው ሳለሁ እማዬ ድንገት ወደኔ ዞረች።

«ዝኔ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ለልጆችሽ እንዴት ነው የምትነግሪያቸው?»

«ኧረ እማዬ፣ ምን የሚሉት ወሬ ነው!»

«እቤት ንገሪያቸው» አለች። «በጠዋት፣ ሰው ባለበት። ጨው ባሕር እንዳትወስጃቸው፣ ይበርዳል።»